ሞቶ የመነሳት ዋጋ

መቼስ ለተዝካር ሄዶ ስለ ኮምፒዩተር ጌም የሚጽፍ ሰው «ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም። ይባል። እኔም ራሴን መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአክስቴን ባል አርባ ለማውጣት ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ሰቆጣን ለማያውቅ አንባቢ፣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በደጋውና ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ መካከል ተቀምጣለች። አማርኛውም ኽምጣኛውም በአንድ ገበያ ይሰማባታል። የአክስቴን ቤት ገና ሐዘኑ አልለቀቀውም። ጓሮ ጠላ ይጠመቃል፣ ግቢው ውስጥ ዳስ ይጣላል፣ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የሚመጣውን ሰው ትቀበላለች። በዚህ መሀል ከጎን ካለችው ክፍል የልጅ ልጇ ጮኸ።

«ሞትኩ! ኧረ ሞትኩ!»

ጓዳ የነበሩት ሴቶች ሊጥ በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። አክስቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ በሩን ከፈትኩ። የ20 ዓመቱ ጎረምሳ ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ስልኩ አጠገቡ ተዘቅዝቋል።

«ምን ሆንክ?»

«ሞትኩ፣ ጋሼ።»

«ቁጭ ብለህ ነው እንዴ የምትሞተው?»

«እኔ አይደለሁም። ካራክተሬ ነው።»

ካራክተር! ሃያ ዓመት ያህል ጠመኔ ይዤ ስለ ገፀ ባሕርይ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ገፀ ባሕርይ በደራሲ ብዕር ሲሞት አይቻለሁ፤ አልቅሼም አውቃለሁ። ኔትወርክ ስለተቋረጠ የሞተ ገፀ ባሕርይ ግን ከዚያ ቀን በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ለአያቱ አርባ መጥቷል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን ጌም ይጫወታል፤ ወርሃዊ ክፍያውን የሚሸፍንለት አሜሪካ ያለ አጎቱ ነው። ኢንተርኔቱን ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ያጋራል። በዚህ ጌም ውስጥ አንድ ጀግና ትፈጥራለህ። ከአንደኛ ሌቨል ጀምረህ እየተዋጋህ፣ እየነገድክ፣ ከሌሎች ጋር እየተባበርክ ታሳድገዋለህ። መጨረሻው 60ኛ ሌቨል ነው። የእኛ ልጅ 47ኛ ደርሶ ነበር። ወራት ፈጅቶበታል። ከአውሬ ጋር እየተዋጋ ሳለ ኔትወርኩ ጠፋ። ሲመለስ ጀግናው መሬት ላይ ተዘርሯል።

«ታዲያ አስነሳዋ!» አልኩት።

«አይነሳም። ሃርድኮር ነው። አንዴ ከሞትክ አለቀ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ፤ እኔም ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የተረፈውን ፈላልጌ አነበብኩ። ለካስ የእነዚህ ጌሞች ሠሪዎች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ተጫዋቹ ሲሞት ምን እንውሰድበት?

መልሱ ከጌም ጌም ይለያያል። በፈረንጆች 1997 በወጣው አልቲማ ኦንላይን የሞተ ሰው መንፈስ ሆኖ ይቀራል። ሲናገር ለሕያዋን የሚታያቸው «ኡኡኡ» ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው። እርሱ እንደዚያ ሲንከራተት ሬሳው ላይ ያለውን ንብረት መንገደኛ ሊዘርፈው ይችላል። በ1999 የወጣው ኤቨርኩዌስት የባሰ ነበር። የሞተ ሰው ያካበተው ልምድ ይቀነስበታል፤ ሌቨሉም ሊወርድ ይችላል። ድሮ ሰይፉ፣ ጋሻው፣ ጥሩሩ ሁሉ የሞተበት ቦታ ሬሳው ላይ ይቀር ነበር። እርሱ ሩቅ ቦታ ባዶውን ይነሳና ያንን ሬሳ ፍለጋ ይመለስ ነበር። ሬሳው ደግሞ ጊዜው ካለፈ ከነዕቃው ይጠፋ ነበር። ልጁ ይህን ሲነግረኝ «እዚህ እኛ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ እንዳሉት ሳይፈርስ አይጠብቅህም» ብሎ ሳቀ። ሰቆጣ አቅራቢያ ባለው በዚያ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሳይፈርሱ የቆዩ የጥንት የዋግ ባላባቶች አስከሬኖች አሉ።

በ2004 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሲመጣ ቅጣቱን አቀለለው። የሞተ ሰው ከመቃብር ቦታ መንፈስ ሆኖ ይነሳል፣ ሬሳው ድረስ ይሮጣል፣ እዚያ ይነሳል። ዕቃው አይወሰድበትም፤ ትንሽ ያረጅና ማሳደሻ ይከፍልበታል። መሮጥ የታከተው ደግሞ እዚያው መቃብር ቦታ ላይ መነሳት ይችላል፤ ያኔ ዕቃው ይበልጥ ያረጅበታል፣ ለጥቂት ደቂቃም ደካማ ሆኖ ይቆያል። በቃ። ሚሊዮኖች ወደ ጌሙ ጎረፉ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ተጫዋች «ይሄማ በጣም ረከሰ፤ ሞት ሞት አልሸተተንም» ማለት ጀመረ። ኩባንያው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሃርድኮር የሚባለውን ሰርቨር ከፈተላቸው። አንድ ነፍስ ብቻ። ሟቹን ወደ ተራው ሰርቨር አዛውሮ ማጫወት ይፈቀዳል፤ ለእውነተኛው ሃርድኮር ተጫዋች ግን ያ እንደ ስደት ነው፣ ክብር የለውም።

እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ተከራከርን። «ለምን ራስህን ታሠቃያለህ? ቀላሉን አትጫወትም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ የማትሞት ከሆነ ምን ያስፈራሃል? ካልፈራህ ደግሞ ምን ደስ ይልሃል?»

አፌን አስያዘኝ። ይህን ነገር እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ በሌላ ቃል ስለው የኖርኩት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቡት። በዛብህ ሞቶ ከመቃብር ቦታው እየሮጠ ተመልሶ ቢመጣና ሰብለ ወንጌልን «ይቅርታ፣ ትንሽ ልብሴ አረጀ እንጂ ደህና ነኝ» ቢላት መጽሐፉን ማን በእንባ ይዘጋው ነበር? ሊታጣ የማይችል ነገር አይከብድም። ስለዚህ ቅጣቱ ጨርሶ ይቅር የሚል ወገን አይደለሁም። ጎረምሳው ትክክል ነው። ጌሙ የሚጥመው በውስጡ ማጣት ስላለ ነው።

የኔ ሙግት ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ማጣት ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ በተማርኩት ገበጣ የተሸነፈ ሰው ወዲያው አይባረርም። በተረፈችው ጠጠር ቤቶቹን ይሞላል፤ ሊሞላቸው ያልቻለው ቤቶች ለአሸናፊው ይሆናሉ፤ ቀጣዩን ዙር በጎደለ ቤት ይጀምራል። ቤት ያነሰው ሰው ደግሞ መጫወቻ መንገዱም ያንስበታል። እና እንደገና ይሸነፋል። ሁለተኛውን ዙር የተሸነፈው ከመጀመሪያው የባሰ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ በመጀመሪያው ስለተሸነፈ ነው። ኤቨርኩዌስትም እንደዚሁ። ሰይፍ ይዞ ያልቻለውን አውሬ ባዶ እጁን ሄዶ እንዲጋፈጥ ይልኩት ነበር። ይሞት ነበር፤ ሁለት ሬሳ ይሆን ነበር። ሠሪዎቹ ሊያስተምሩት አስበው ይሆናል። የማሸነፊያ መሣሪያውን የተቀማ ሰው ግን ምን ይማራል?

ከሰማኋቸው ሁሉ ልቤን የገዛው ኢቭ ኦንላይን የሚባለው በ2003 የወጣ የጠፈር ጌም ነው። እዚያ መርከብህ ከወደመች ወደመች፤ ማንም አይመልስልህም። ጨካኝ ጌም ነው። ነገር ግን አብራሪው በሌላ አካል ይነቃል፣ ቀድሞ ኢንሹራንስ የገባም ካሣ ያገኛል። ድሮ አካሉን በጊዜ ሳያሳድስ የሞተ ሰው የተማረው ሙያ ሳይቀር ይቀነስበት ነበር፤ ይህን ሠሪዎቹ ራሳቸው በ2014 አስቀሩት። መርከብ ሊወሰድ ይችላል፣ መርከብ መንዳት ማወቁ ግን ይቅርለት ማለታቸው ነው። ይሄ የገባው ፈራጅ ነው።

ሁለተኛው ሙግቴ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነው። የእኛን ልጅ አውሬው አልገደለውም፤ ኔትወርኩ ነው። ሃርድኮር ሲከፈት ኩባንያው ኮስተር ያለ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ መስመር ተቋርጦም ይሁን ሰርቨር ተበላሽቶ፣ የሞተን አናስነሳም የሚል። ጨዋታውን የፈጠሩት ሰዎች አገር መስመር መቋረጥ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እክል ነው። ለዋግ ሰው ግን እንደ ክረምትና በጋ የሚፈራረቅ ነገር ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲዘልቅ ስንቱ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ሲሰደድ ስልክ ፍለጋ ተራራ የወጣውን ቤቱ ይቁጠረው። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ቆይቷል። ሰቆጣ ሆኖ አንድ ነፍስ ብቻ ይዞ ኦንላይን መጫወት ማለት፣ እንዲያው ስታስቡት፣ ግድብ በሌለው ወንዝ ዳር ጭቃ ቤት መሥራት ነው።

ግን ሕጉ የማይነቃነቅ አልነበረም። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አንዳንድ ሰዎች የጌሙን ሰርቨር በሐሰተኛ ጥያቄ አጨናንቀው ጣሉት። በዚያው ቅጽበት ጨዋታቸውን በቀጥታ ለብዙ ተመልካች የሚያስተላልፉ ዝነኛ ተጫዋቾች የተሰባሰቡበት ቡድን ትልቅ ውጊያ ላይ ነበር። እነዚያ ዝነኞች አለቁ። ጩኸት ሆነ። ኩባንያውም በዚህ ዓይነት ጥቃት የሞቱትን እናስነሳለን አለ። ትክክል አደረገ እላለሁ፤ ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አልነበረማ! ታዲያ የሰቆጣውስ ልጅ? እርሱም በእጁ ባልሆነ መቋረጥ ነው የሞተው። ልዩነቱ እርሱ ሲሞት ያየው ተመልካች እኔ፣ አክስቴና ሊጥ የያዙት ሴቶች ብቻ መሆናችን ነው።

ይህን ስነግረው ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ አውቄ ነው የገባሁበት» አለኝ። ይህን መልሱን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማታ፣ ሰው ሲቀልል፣ አክስቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝና «ያ ልጅ ማን ሞተብኝ ነው የሚለው?» አለችኝ። እንደገባኝ አስረዳኋት። ሞተ፣ ሲሞት ያለውን ወሰዱበት፣ አሁን ከመጀመሪያው ሊጀምር ነው አልኳት። በረጅሙ ዝም ብላ ቆየችና «እኛስ?» አለች።

«እናንተስ ምን?»

«እኛም ሞተንበት የለም?»

ያኔ ነው ለተዝካሩ አንዱ በሬ መሸጡን የሰማሁት። ሁለት ነበሩ። እኔ ከአዲስ አበባ ይዤ የሄድኳት ብር ለበርበሬውና ለቅቤው እንኳ በቅጡ አትበቃም ነበር። ቀድሜ ብሰማስ «ተይ፣ አትሽጪ» እላት ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልልም። ምን አፍ አለኝና! በማግስቱ ከዳሱ ሥር ተቀምጬ የበሬውን ዋጋ ከበሉት አንዱ እኔ ነኝ። ጠላውም ጥሩ ነበር።

እንደ አዲስ አበባ ምሁር ስለ ተዝካር ወጪ ሌክቸር መስጠት ቀላል ነው፤ በወጣትነቴ ሰጥቻለሁም። አክስቴ ግን ልክ እንደ ጎረምሳው አፌን አስያዘችኝ። «አርባ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው። እንደ ዶሮ ልሸኘው?» አለች። ሁለቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው። ምንም ያልተከፈለበት ሞት ክብደት የለውም። ያዘነ ሰው ማዘኑን በሚያጣው ነገር ይለካል። ይህን የሚያቃልል ሰው ሐዘን አያውቅም።

ስለዚህ የጠየቅኋት ስለ ተሸጠው በሬ አልነበረም፤ ስለ ቀረው ነው። «አንዱ አለ አይደል፣ መቀናጆ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ለከተሜው አንባቢ ላስረዳ፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጅና በየተራ ያርሳሉ። «ሁለቱንም ሸጠሽ ቢሆንስ?» አልኳት። «ያኔማ መሬቱን ለእኩል ሰጥቼ ቁጭ ነዋ።» በሬ የሌለው ሰው መሬቱን በሬ ላለው ይሰጣል፤ ምርቱን ይካፈላሉ። ግማሽ ምርት በቀጣዩ ዓመት በሬ መግዣ አይተርፈውም። እና በቀጣዩም ዓመት መሬቱን ይሰጣል። ገበጣው ይሄው ነው፤ ሬሳ ፍለጋ ባዶ እጅ መሄዱም ይሄው ነው። አንድ በሬ በማጣትና ሁለቱን በማጣት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ በሬ ዋጋ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ያደኸያል፣ ሁለተኛው መነሻ ያሳጣል።

ቀጥላ ስለ 77 ነገረችኝ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ወጣት ነበረች። «አባቴ የሞተው በሬውን የሸጠ ቀን ነው፤ የቀበርነው በኋላ ነው እንጂ» አለች። በሬውን በስንት እንደሸጠው ስትነግረኝ ለኔ ሳይሆን ለማታየው ገዢ የምትናገር ይመስል ነበር። ያኔ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ከብቱን ገበያ ያወጣል፤ የከብቱ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህሉ ይሰቀላል።

አማርትያ ሴን በ1981 (በፈረንጆች) ባሳተመው መጽሐፍ ከዚያ ቀደም ስላለፈው የ1965–66ቱ የወሎ ረሃብ ጽፏል፤ ዋግም በዚያን ዘመን በወሎ ሥር የነበረ አውራጃ ነው። የሰውየው ሙግት ባጭሩ፣ በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል ጠፍቶ ሳይሆን ሰዎቹ እህሉን የሚያገኙበትን አቅም በማጣታቸው ነው ያለቁት የሚል ነው። ዝናብ ያልጣለው ገበሬው አይደለም። ቅጣቱን የከፈለው ግን እርሱ ነው፤ የከፈለውም በማረሻ በሬው።

ይህን አገራችን ዘግይታም ቢሆን የተረዳች ይመስላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ዓላማው የተራበን ማብላት ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰቡ በክፉ ቀን ጥሪቱን እንዳይሸጥ ማድረግም ነበር። ጉድለቱን ሁላችንም አውርተናል፤ እኔም በዚሁ ዓምድ አውርቻለሁ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። መርከቧ ብትወድምም አብራሪው ይትረፍ ማለት ነው። በ2007 ደግሞ መንግሥት በዚህችው ከተማ ስም የሚጠራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ገብቷል፤ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 (በፈረንጆች) ማጥፋት። መቀንጨር ማለት ገና ጨዋታውን ያልጀመረ ልጅ የሌላ ሰው ሞት ቅጣት ሲከፍል ነው። በአንደኛ ሌቨል ላይ ሳለ፣ ያውም ሳይጠየቅ።

አሁን ወደ ልጁ መልስ ልመለስ። «አውቄ ነው የገባሁበት» ብሎኛል። እዚህ ላይ ነው ጌሙና ዋግ የሚለያዩት፤ እዚህ ላይ ነው እኔም ምሳሌዬን ገታ የማደርገው። ልጁ የአንድ ነፍሱን ውል ፈርሞ ገባ። ሲከፋው ላፕቶፑን ዘግቶ ይወጣል። አክስቴ የፈረመችው ውል የለም፤ የምትዘጋውም ክዳን የላትም። ስለዚህ ጌም ሠሪው ጨካኝ ቢሆን ልንከራከረው እንችላለን፤ ጌሙን ትተንም መሄድ እንችላለን። ሕግ፣ ልማድ፣ ገበያና መንግሥት ሲጨክኑ ግን መውጫ በር የለም። ከጌም ሠሪዎች የምንማረው አንድ ነገር ካለ፣ በየጊዜው ተሰብስበው «የሞተው ሰው ምን ይቅርለት?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ለሐሳብ ሰው ለፈጠሩት ሞት ሩብ ምዕተ ዓመት ተጨንቀዋል። እኛ በየቀበሌው፣ በየዕድሩ፣ በየቢሯችን ለእውነተኛው ያን ያህል ተጨንቀናል?

በሦስተኛው ቀን ስሰናበት ጎረምሳው በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አዲስ ጀግና ፈጥሯል፤ 4ኛ ሌቨል ላይ ነው። «አሁንም ሃርድኮር?» አልኩት። «አሁንም» አለኝ። አክስቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ስለ መቀናጆው ጠየቅኋት፤ ከወንዝ ማዶ አንድ በሬ ያለው ሰው እንዳለ፣ ነገር ግን የርሱ በሬ ቁመቱ ከርሷ እንደሚያንስ፣ ቀንበሩ ሊያዘም እንደሚችል ነገረችኝ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ደወልኩላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስቴ ጠፋብን። በአራተኛው «ቀንበሩ ትንሽ ያዘማል፤ ግን እያረስን ነው» የሚለውን ሰማሁ። ቀጥዬ ስለ ልጁ ጠየቅኋት። መልሷ ሳይደርሰኝ መስመሩ ተቋረጠ።